በተዋስኩት ኬዝ የጠፉ 3 ዓመታት

ይህን የምጽፈው በዚህ ሳምንት ኬዝ፣ ማለትም ለጥገኝነት ጥያቄ የሚቀርበውን ታሪክ፣ ከደላላ ሊገዛ ላሰበ ሰው ነው። እኔ ገዝቼ አውቃለሁ። 600 ፓውንድ፣ ግማሹ ብድር። የገንዘቡ ነገር ይቅር፤ 3 ዓመቴን በላብኝ። ከገባሁበት ያወጣችኝ ጠበቃ አይደለችም፤ የአገሬ ልጅም አይደለችም። ሁሉም «ዶኛ» የሚላት አንዲት ኮሎምቢያዊት ናት። «ዶኛ» እንደኛ «እትዬ» መሆኑ ነው። የሷን ቤተሰብ ስደት ሳላወራ የራሴን ማውራት ስለማልችል ትንሽ ታገሱኝ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች ነው የጻፍኩት። በሱም የተቃጠልኩ ሰው ነኝ፤ እመጣበታለሁ።

ለንደን የገባሁት በ2015 መጀመሪያ ነው። የኔ ታሪክ አጭር ነበር። የአጋሮ ልጅ ነኝ። ጅማ ስማር፣ በ2014ቱ የተማሪዎች ተቃውሞ ጊዜ ታፍሼ 19 ቀን ታሰርኩ። ተገረፍኩ። ከተፈታሁ በኋላም እየመጡ ያስፈርሙኝ ነበር። ይኸው ነው። ይህንን ለአንድ «ነገር የሚያውቅ» የአገሬ ሰው ካፌ ቁጭ ብዬ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «19 ቀን? ይሄ ምን ኬዝ ነው? ያልታሰረ ማን አለ?» አለኝ። እውነት መሰለኝ። እንዲያውም አፈርኩ።

በሳምንቱ በእጅ የተጻፈ 4 ገጽ ሰጠኝ። የመተማ ልጅ ሆንኩ። የሰሊጥ ገበሬ ሆንኩ። የተገደለ ወንድም ተጨመረልኝ። እኔ ሦስት እህቶች እንጂ ወንድም የለኝም። ለማትሪክ እንዳጠናሁት አጠናሁት።

ኢንተርቪው ላይ የወንድሜን ዕድሜ ሁለት ጊዜ ተጠየቅሁ፤ ሁለት የተለያየ መልስ ሰጠሁ። ሌላውን ጉድ የሠራኝ ካላንደር ነው። ደላላው የኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ሲቀይር ሁሉም ላይ 7 ደምሮ ነበር። ጥር 2005ን 2012 ብሎ ጻፈው። በወረቀቱ መሠረት፣ ተከሰስኩበት ያልኩት ነገር ከመፈጸሙ በፊት ታስሬያለሁ ማለት ነው። በ2015 መኸር ላይ ሪጀክት ተደረግሁ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ያለውን ቀን 7 ትደምሩበታላችሁ፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን ያለው 8 ነው። ሰዓትም እንደዚሁ። «ሁለት ሰዓት ላይ መጡ» ስትሉ አስተርጓሚው ፈረንጅኛውን ሁለት ሰዓት ከወሰደው፣ በጠዋት የሆነው ነገር በሌሊት ሆነ ማለት ነው። ከኢንተርቪው በፊት ቁጭ ብላችሁ ቀኖቹን ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ። የማታውቁትን ቀን «አላውቀውም፣ ከፋሲካ በኋላ ነበር» በሉ። ነውር የለውም።

ወደ ዶኛ ልመለስ። ያኔ መሥራት አይፈቀድልኝም። በሳምንት 36.95 ፓውንድ ይሰጠኛል። ቀኑ አልመሽ ሲለኝ ደቡብ ለንደን አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ በነፃ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ጀመርኩ። ግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ አለ። አስተማሪዋ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ስፒል ሰጥታ «የመጣችሁበት ላይ ሰኩ» አለችን። አጠገቤ የቆመች፣ ጸጉሯን አጥብቃ ያሰረች፣ ሃምሳዎቹን የጀመረች ሴትዮ «አርሜንያ» አለችኝ። እኔ የአዲስ አበባ አርመኖች ትዝ አሉኝና «አርመን ነሽ?» አልኳት። ሳቋ እስካሁን ይሰማኛል። አርሜንያ ለካ ኪንዲዮ የሚባል የቡና ክፍለ ሀገር ዋና ከተማም ነው። ስፒሏን ኮሎምቢያ ላይ ሰካች። እኔ መተማ ላይ ሰካሁ። እንግሊዝኛ አስተማሪዋን እንኳ ፈርቼ።

ዶኛ አንድ ስፒል አልበቃትም። «ቤተሰቤ ብዙ ቦታ ነው» ብላ ሰባት አስጨመረች። የኮሎምቢያን ስደት የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከነዚያ ስፒሎች ነው።

መጀመሪያ የተሰደደው አባቷ ነው፤ ያውም ከአገር ሳይወጣ። በኤፕሪል 9 ቀን 1948 ሆርሄ ኤሊየሰር ጋይታን የሚባል፣ ሕዝቡ ፕሬዚዳንታችን ይሆናል ብሎ ተስፋ የጣለበት ፖለቲከኛ ቦጎታ መንገድ ላይ ተገደለ። ከተማዋ ነደደች። ከዚያ የሊበራልና የወግ አጥባቂ ፓርቲ ሰዎች በየገጠሩ ለዓመታት ተራረዱ። ከ200 ሺህ ሰው በላይ አለቀ። ዘመኑን በደፈናው «ግፉ» እንደማለት «ላ ቪዮሌንሲያ» ይሉታል። አባቷ ልጅ ሆኖ ከቶሊማ በሌሊት ሸሽቶ ኪንዲዮ ገባ፣ ቡና ለቃሚ ሆነ፣ ቆይቶ ትንሽ መሬት ገዛ።

አጎቷ ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ ሄደ። ኩዊንስ ውስጥ ጃክሰን ሃይትስ። ሩዝቬልት ጎዳና ላይ 7 ቁጥር ባቡር ከራስ በላይ ይንጓጓል፤ ከሥሩ ዳቦ ቤቱም ጸጉር ቤቱም ኮሎምቢያዊ ነው። ሰፈሩን በቦጎታው ቻፒኔሮ ስም «ቻፒኔሪቶ»፣ ትንሿ ቻፒኔሮ፣ ብለውታል። አንድ ወንድሟና የአክስቷ ልጆች ተከተሉት። ኒውዮርክን የመረጠው አጎቷ ነው፤ ሌሎቹ የመረጡት አጎታቸውን ነው። የኛስ ዋሽንግተን ዲሲ እንዴት ሞላ?

ታላቅ ወንድሟ በ1977 ቬኔዝዌላ ገባ። ነዳጅ ጎርፎ የአገሩ ገንዘብ ቦሊቫር እንደ ዶላር የሚከበርበት ጊዜ ነው። ኮሎምቢያውያን በመቶ ሺዎች ድንበር እየተሻገሩ ግንብ ገነቡ፣ እርሻ አረሱ፣ ሰው ቤት ተቀጥረው ሠሩ። ብዙ ሰው ኮሎምቢያዊ ሲባል አሜሪካን ነው የሚያስበው፤ ለረጅም ጊዜ ግን ብዙውን የተቀበለችው ጎረቤት ቬኔዝዌላ ናት። ወንድሟ 38 ዓመት ኖረ፤ መጨረሻ ላይ ሳን አንቶኒዮ የምትባል የድንበር ከተማ ቤት ሠራ። በኦገስት 2015 የቬኔዝዌላ መንግሥት ድንበሩን ዘግቶ ኮሎምቢያውያንን ማባረር ጀመረ። ሰው ዕቃውን ተሸክሞ የታቺራን ወንዝ በእግሩ ተሻገረ። ዶኛ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። ውሃው ጉልበቱ ላይ ደርሷል፤ ጀርባው ላይ ፍሪጅ አዝሏል፤ የፍሪጁ በር በገመድ ታስሯል። «38 ዓመት ሠርቶ ይቺን ነው ያተረፈው» አለች። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ቬኔዝዌላውያን በሚሊዮን ወደ ኮሎምቢያ ገቡ።

እህቷ ማያሚ አጠገብ ናት። እሷ በድህነት አይደለም የወጣች፤ ባሏ የሒሳብ ባለሙያ ነበር። በ2000 ገደማ ኮሎምቢያ ውስጥ በዓመት ከ3000 ሰው በላይ ይታገት ነበር። መንግሥትን የሚወጉት የግራ ክንፍ ሸማቂዎች አውራ ጎዳና ዘግተው መኪና እያስቆሙ ገንዘብ ያለውን ለቅመው ይወስዳሉ። ሕዝቡ ከወንጌል ወስዶ «ተአምረኛው ዓሣ ማጥመድ» አለው። ከሸማቂዎቹ ሌላ ደግሞ ፓራሚሊታሪ የሚባሉት፣ ሸማቂዎቹን የሚወጉ የግል ታጣቂዎች፣ አሉ። ሱቅ ያለው ሁሉ ለአንዱ ወገን በየወሩ ይከፍላል፤ ክፍያውን «ክትባት» ይሉታል። የተከተበ አይሞትም ለማለት ነው። ሰው በመከራው ሲቀልድ በየትም አገር አንድ ነው መሰለኝ። ባሏ 7 ወር ጫካ ቆይቶ በገንዘብ ተለቀቀ፤ በወሩ በረሩ። አሁን የሰው ቤት ያጸዳል።

የእህቷ ልጅ በጥገኝነት ካናዳ ገባች፤ ከተማዋ ኦንታሪዮ ያለችው ለንደን ናት። ኮሎምቢያዊ ስለበዛባት «ሎንዶምቢያ» ይሏታል። ሌላው የወንድሟ ልጅ ቺሌ፣ የመዳብ ከተማዋ አንቶፋጋስታ። የሷ የራሷ ስፒል ደግሞ ሁለት ነው፤ ማድሪድና እዚህ።

«አንቺስ ለምን ወጣሽ?» አልኳት አንድ ቀን። በእረፍት ሰዓት ከቴርሞስ ቡና ትቀዳልኛለች። ቀጭን ጥቁር ቡና «ቲንቶ» ይባላል። ለኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ እጣቢ ነው። ጥሩውን ለውጭ ገበያ ሸጠው ግርዱን ራሳቸው እንደሚጠጡት ነገረችኝ።

«የቱን ምክንያት ልንገርህ?» አለች። በጁላይ 1989 የዓለም የቡና ኮታ ስምምነት ፈረሰ፤ ዋጋው ግማሽ ሆነ። አባቷ ተበደረ። እሷ ተጋብታ በከተማ ቤት በባንክ ብድር ገዝታ ነበር፤ «ኡፓክ» የሚሉት ብድር፣ ስትከፍለው የሚያድግ ዕዳ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ቤቱን ለባንክ ጥሎ ወጣ። በጃንዋሪ 25 ቀን 1999 ምሳ ሰዓት ላይ አርሜንያ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ ከ1000 ሰው በላይ ሞተ። የዶኛ ቤት ግማሹ ቆመ፤ ዕዳው ግን ሙሉውን ቆመ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ኢኮኖሚ ከ4 በመቶ በላይ ወደቀ፤ ሥራ ፈላጊው ከአምስት ሰው አንዱ ሆነ። ስፔን ደግሞ እስከ 2002 ኮሎምቢያዊን ቪዛ አትጠይቅም ነበር። ቋንቋውም ያው ነው። ቲኬት ቆረጠች።

ማድሪድ አሮጊት እየጠበቀች፣ እዚያው እያደረች፣ እሑድ ብቻ እየወጣች ኖረች። እኛ ቤይሩትና ሪያድ ያሉ እህቶቻችንን እናውቃለንና ይህን አላብራራም። በ2005 ስፔን ወረቀት የሌላቸውን በብዛት ሕጋዊ ስታደርግ ወረቀት አገኘች። ለላቲን አሜሪካ ሰው 2 ዓመት በሕጋዊነት ከኖረ ዜግነት ማመልከት ይቻላል፤ እሱንም አገኘች። ከዚያ የ2008ቱ ቀውስ መጣ፣ ሥራ ጠፋ፣ በስፔን ፓስፖርቷ ለንደን መጥታ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ቢሮ ማጽዳት ጀመረች።

እኔም በጨዋታ መሀል አመለጠኝ። የ2001ዱ የዋጋ ውድቀት ጊዜ አባቴ ቡናውን ሳያስለቅም እንደተወው፣ ቀዩ ፍሬ ዛፉ ላይ ደርቆ እንደቀረ፣ እኔና እህቶቼ ከመሬት እንለቅም እንደነበር አወራኋት። እሷ ምንም አላለችም። ሰማችኝ ብቻ።

ይግባኜ በ2016 ጸደይ ወደቀ። ዳኛ ፊት ምዬ ያንኑ ውሸት ደገምኩት፤ በሕይወቴ በጣም የማፍርበት ቀን እሱ ነው። ድጎማው ተቋረጠ። በየሰው ሶፋ ማደር ጀመርኩ። ደላላው ስልክ አያነሳም። ለእናቴ «ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» እላለሁ።

ኦክቶበር 2 ቀን 2016 እሑድ ነበር። ኮሎምቢያውያን፣ መንግሥት ፋርክ ከሚባሉት ሸማቂዎች ጋር ባደረገው የሰላም ስምምነት ላይ ድምፅ የሰጡበት ቀን። ዶኛም ለንደን ሆና መርጣለች። ማታ ክፍሏ ጠራችኝ፤ አንድ ክፍል ነው የምትከራየው። አሬፓ፣ የበቆሎ ዱቄት ወፍራም ቂጣ፣ ጋግራ ውጤቱን እንጠብቃለን። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ «አይሆንም» ያለው ወገን በ54 ሺህ ገደማ ድምፅ አሸነፈ። የቤተሰቡ ዋትስአፕ ተቀጣጠለ። የማያሚዋ እህት «ባሌን 7 ወር ያሰሩት ፓርላማ ሊቀመጡ ነው?» ትላለች። የካናዳዋ ልጅ ታለቅሳለች። ከኩዊንስ ስድብ ይመጣል። ፍሪጅ ያዘለው ወንድም «እኔን ያባረረኝ ሸማቂ አይደለም፤ ቡና ነው» ብሎ ጻፈ። ዶኛ ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠችውና «አየህ፣ ሚሆ» አለችኝ፤ «ልጄ» ማለቷ ነው። «ከአንድ ቤት ነው የወጣነው። ለምን እንደወጣን ግን አንስማማም።»

ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንተስ?»

የለመድኩትን ጀመርኩ። መተማ፣ ሰሊጥ፣ የተገደለው ወንድሜ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «የሰሊጥ ገበሬ ቡና ከመሬት እንዴት ይለቅማል?» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

የአክስቷን ልጅ ታሪክ ያኔ ነው የነገረችኝ። ሰውዬው የፔሬራ ልጅ ነው፤ ያው የቡና አገር። በ1996 ለንደን ገባ፤ እንግሊዝ ኮሎምቢያውያንን ቪዛ መጠየቅ ከመጀመሯ አንድ ዓመት በፊት። ፓራሚሊታሪዎች ሱቁ ድረስ መጥተው «ክትባት» ጠይቀውታል፤ ጎረቤቱን ገድለውበታል። እሱ ግን ይህ አይበቃም ተባለ። በዚያ ዘመን ኡራባ የሚባለው የሙዝ አካባቢ በእልቂት የታወቀ ነበርና «የኡራባ ሰው ነኝ በል» ብለው መከሩት። ጠያቂው «ሙዝ የሚሰበሰበው መቼ ነው?» አለው። እሱ የሚያውቀውን የቡና ወቅት መለሰ፤ «ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር»። ሙዝ ዓመቱን ሙሉ ነው የሚቆረጠው። 11 ዓመት ያለ ወረቀት ኖረ። እናቱ ስትሞት አልቀበራትም።

እኔ ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሳጥራለሁ። ፈቃድ ያለው፣ የተመዘገበ ጠበቃ ፈለግሁ። ይህንን ልብ በሉ፤ እንግሊዝ ውስጥ ያልተመዘገበ ሰው የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት ወንጀል ነው። ስሙን ከመዝገቡ ማየት በነፃ ነው፤ «የአገሬ ሰው ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። ለጠበቃዋ የመጀመሪያ ቃሌ «ዋሽቻለሁ» የሚል ነበር። አልተቆጣችም። «ይከብዳል፣ ግን እውነቱን ልናረጋግጥ የምንችልበት ነገር አለህ?» አለችኝ። ነበረኝ! ያ የናቅሁት 19 ቀን ማስረጃ ነበረው። ጀርባዬ ላይ ያለውን ጠባሳ ሐኪም አይቶ ጻፈ። አብሮኝ የታሰረ ልጅ ኖርዌይ ወረቀት አግኝቶ ስለነበር ምስክርነት ላከ። ከትምህርት የታገድኩበትን ደብዳቤ እህቴ ከሳጥን ሥር አገኘችው። ለሞተው ወንድሜ ግን አንድም ወረቀት ሊኖር አይችልም ነበር።

አዲስ ማስረጃ በአካል የሚቀርበው ያኔ ሊቨርፑል ነበር። በ2017 በሌሊት አውቶቡስ ሄድኩ፤ ቲኬቱን የቆረጠችልኝ ዶኛ ናት። እዚያ ስጠየቅ የማላስታውሰውን አላስታውስም አልኩ። አስተርጓሚው ያልገባኝን ሲናገር «አልገባኝም፣ ድገመው» አልኩ። ቃሌ ተነብቦልኝ ሁለት ቦታ አስታረምኩ። መጀመሪያውኑ ይህን ሁሉ ማድረግ እችል ነበር። ወረቀቴ በማርች 2018 መጣ። የድሮው ውሸት ግን ፋይሌ ላይ አለ፤ ከዚያ በኋላ ባመለከትኩበት ሁሉ ይነሳብኛል፤ በየጊዜው ማብራሪያ እጽፋለሁ።

አንዳንድ ሰው «እውነት ተናግረውም የተጣሉ አሉ» ይለኛል። አሉ። እኔ ራሴ አውቃለሁ። ግን የራስህን ተናግረህ ብትወድቅ ይግባኝ የምትልበት ነገር ይኖርሃል። የሰው ኬዝ ይዘህ ስትወድቅ የራስህንም አብረህ ታጣዋለህ። ታሪካችሁ ትንሽ መስሎ ከታያችሁ ለደላላ አትንገሩት፤ ለጠበቃ ንገሩት። ትንሽ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው እሱ ነው። ዶኛ ሦስት ምክንያት ነበራት፤ ቡና፣ ዕዳ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ። አንዱም ለጥገኝነት አይሆንም፤ እሷም አልጠየቀችም። በገባችበት በር ነው የኖረችው።

ወረቀቴ በመጣ በሳምንቱ ለአስተማሪዋ ልነግራት ወደዚያ ምድር ቤት ወረድኩ። ካርታው እንዳለ ነው፤ ስፒሎቹ በዝተዋል። ከመተማ ላይ ነቀልኩና አጋሮን መፈለግ ጀመርኩ። ካርታው ላይ አልተጻፈችም። በጣቴ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከጅማ ትንሽ አለፍ ብዬ ሰካሁ። አስተማሪዋ አየችኝ፤ ምንም አልጠየቀችም። ከኋላዬ ዶኛ ቴርሞሷን እየከፈተች «ቡና ያለበት ነው?» አለች።

«አዎ» አልኳት። «ያንቺን እጣቢ ግን ዛሬ አልጠጣም፤ የእናቴ ቡና ደርሶልኛል።»